ፈቃድ የከለከለው አለቃ

ሊዝበን፣ ማርች 9

እማ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። በየቀኑ "ዛሬስ እመልሳለሁ" እያልኩ ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ፣ በየቀኑ ሳልመልስ ይመሻል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በብስክሌት የሰው ደብዳቤ ስታደርሺ ለኖርሽ ሴት መልስ ማዘግየት ምን ያህል ነውር እንደሆነ አላጣሁትም። ይቅር በይኝ።

እንዴት ነሽ? "እግሬን ያዝ ያደርገኛል" ያልሽው ምንድነው? ግራው ነው ቀኙ? ሐኪም አየው? ስለ ራስሽ አንድ መስመር ጽፈሽ ስለ ጎረቤት ውሻ አንድ ገጽ መጻፍሽን አስተውያለሁ።

ስለ ፋሲካው መምጣት አልችልም፣ እማ። አለቃዬን ጠይቄው ነበር። "በዚህ ወር ከቢሮ የሚወጣ ሰው የለም" አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ጸባዩን ታውቂዋለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ ብለው የሚለምኑት ዓይነት ሰው አይደለም።

ቀኔን እንዴት እንደማሳልፍ ጻፍልኝ ላልሽው ግን ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው ጠባብ፣ የቤቱ ባለቤት ዶና ኤርሜሊንዳ የምትባል መበለት ናት። ከእኔ ጋር የምታወራው በጩኸት ነው፤ ጮክ ካለች ፖርቱጋልኛው የሚገባኝ ይመስላታል። ጠዋት ጠዋት ዓሣ ገበያ ይዛኝ ትወርድና "ዓይኑን እይ! ዓይኑ የደፈረሰ ዓሣና ዓይኑ የደፈረሰ ወንድ ቤት አይገባም!" ትለኛለች። ከዚያ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ረጅም አዳራሽ ነው፣ አርባ ጠረጴዛ አለው፣ በመስኮቱ ወንዙ ይታያል። የአገራችንን ወንዝ የዳውጋቫን ሦስት እጥፍ ቢሰፋም እንደ ዳውጋቫ አያምርም።

አንዳንዴ ልደውልልሽ ስልኩን አነሳና ያልሽኝን አስታውሼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ቃልሽን አክብሬ በወረቀት ብቻ እንገናኛለን።

ያንቺው ጉንቲስ

ሊቫኒ፣ ማርች 26

ጉንቲስ ልጄ፣

ደብዳቤህ ማክሰኞ ገባ። አሁን ደብዳቤ የምታድለው ልጅ ከመኪናዋ አትወርድም፣ በመስኮት እጇን ዘርግታ ሳጥኑ ውስጥ ትወረውርና እብስ ትላለች። እኔ በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ ያለ የባሕር ማዶ ቴምብር ያለበት ፖስታ ከመጣ በሩን አንኳኩቼ፣ "ዛሬ ከሩቅ ነው፣ እጅሽን ታጠቢ" ብዬ ነበር የምሰጠው።

እግሬን ተወው። እግሬም አይደለም፣ ዳሌዬ ነው። ሐኪሙ አይቶኛል፣ እኔም ሐኪሙን አይቼዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ወሬ የለውም።

ፋሲካን አልተቀየምኩም። ለአባትህ ቀብር ያልፈቀደ ሰው በሽንኩርት ልጣጭ ለተቀለመ እንቁላል ይፈቅዳል ብዬ አልጠበቅኩም። ኤድቪንስን ያህል አባት መሬት ሲገባ ልጁን በስልክ መስኮት እንዲያይ ያደረገ ሰው ነው። እግዜር ይይለት።

ትናንት ግን የተናደድኩበትን ልንገርህ። ጎረቤታችን ዚግሪዳ የልጅ ልጇን ማዳራን ይዛ ሻይ ልትጠጣ መጣች። ማዳራ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት፣ የማታውቀው የለም። "አክስቴ ቬልታ" አለችኝ፣ "የጉንቲስ ሥራ እኮ ኮምፒውተር ላይ ነው። እንደሱ ያሉት ቢፈልጉ ድንኳን ውስጥ፣ ቢፈልጉ ባሕር ዳር ቁጭ ብለው ይሠራሉ። ዲጂታል ዘላን ነው የሚባሉት። ታዲያ እዚህ መጥቶ ለምን አይሠራም?"

"የእኔ ልጅ ዘላን አይደለም!" አልኳት። "አለቃ አለው፣ ቢሮ አለው፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት አለው።" ዚግሪዳም ደግፋኝ "አንቺ ልጅ፣ ሻይሽን ጠጪ" አለቻት። ቀይ ሆና ሻይዋን ጠጣች። ልክ አልመለስኩላትም?

አሁን ተቀመጥና አንብብ። ልመጣ ነው። ትኬቱን የቆረጠችልኝ ማዳራ ናት፣ የተቆጣኋትን ለመካስ መሰለኝ። ሜይ አሥራ አንድ እገባለሁ፣ አምስት ቀን እቆያለሁ። ባሕርህንና ቤተ መንግሥታችሁን ለማየት አይደለም። ቢሮህን ማየት እፈልጋለሁ። ያንን ሰውዬም። አትደንግጥ፣ አልሰድበውም። ፊቱን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው።

እናትህ ቬልታ

ሊዝበን፣ ኤፕሪል 6

እማ፣

በዳሌሽ አራት ፎቅ እንዴት ልትወጪ ነው? ይህንን አስበሽበታል? ሜይ ላይ ደግሞ እዚህ ሙቀቱ ይጀምራል፣ አንቺ ሙቀት አትወጂም። ቢሮውም እንግዳ አያስገባም ማለት ይቻላል፣ በሩ ላይ ካርድ ይጠይቃሉ። አለቃዬ ደግሞ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ያንቺን ደብዳቤ መልሼ አነበብኩት። ትኬቱ ተቆርጧል። እሺ። ነይ። ዶና ኤርሜሊንዳ የራሴን አልጋ እለቅላታለሁ ብላ ከወዲሁ አንሶላ እያጠበች ነው።

አለቃዬን ለአሥር ደቂቃ ብቻ ታገኚዋለሽ። እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፣ ስለዚህ እኔ አስተረጉምላችኋለሁ። ሰላም ብለሽው ብንወጣ ይበቃል። ስለ አባባ ባታነሺበት እወዳለሁ።

ማዳራን አትቆጫት። ልጅ ናት፣ የሰማችውን ነው የተናገረችው።

ጉንቲስ

ሊቫኒ፣ ሜይ 24

ጉንቲስ ልጄ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ቤቱ እንደተውኩት ነው፣ ድመቷ ብቻ ተቆጥታ ሁለት ቀን ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። ለዶና ኤርሜሊንዳ ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ያ ዶሮ የተሳለበትን ሳህን መስበሬ እስካሁን ያንገበግበኛል። እሷ "ምንም አይደል፣ ምንም አይደል" ስትል እኔም "አይ፣ አይ" ስል፣ ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን ቋንቋ ሳናውቅ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። እንዲህ ያለች ሴት እዚያ ስላለችልህ አሁን ተኝቼ አድራለሁ።

በርህ ትይዩ ባለው ግንብ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ትልቅ ጽሑፍ ምንድነው ብዬህ "እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው" አልከኝ። ለዚግሪዳ ነገርኳት። እንግዳ የሚወድ ሕዝብ ነው አልኳት።

ቢሮህ ጥሩ ነው። ሰው ሁሉ ጆሮውን ደፍኖ መሥራቱ ግር አለኝ፣ ማንም ማንንም ቀና ብሎ ሰላም አይልም፣ ግን የዘመኑ ነው። አንተ ግን በዚያ ቀን ስትናገር ሁሉ ወለሉን ነበር የምታየው። አለቃህን እንዲህ ትፈራዋለህ? እኔ ፊቱን ሳየው የሚያስፈራ ሰው አይደለም። ሽበታም ነው፣ ኮቱ እጅጌው ላይ ያጥረዋል፣ ከእኔ በላይ እሱ ነው ሲርበተበት የነበረው።

አንተ ውሃ ላምጣ ብለህ ስትሄድ ትንሽ ተጫወትን። በሩሲያኛ። ለካ እሱ ጆርጂያዊ ነው፤ በእኛ ጊዜ፣ የሱም የእኛም አገር በሩሲያ ሥር ሳሉ፣ ያደገ ሰው ሩሲያኛ ያውቃል። እኔም ፖስታ ቤት ስቀጠር ግዴታ ነበር። ቤት ውስጥ ተናግሬው ስለማላውቅ ረስተኸው ይሆናል። ምን እንዳወራን አትጠይቀው፣ በሱና በእኔ መካከል ነው። ያ ለሱ የሰጠሁት ጥቁርና ነጭ የሱፍ ጓንት ክረምቱን ሁሉ በእጄ የሠራሁት ነው። ለአንተ ነበር የጀመርኩት። ግን ለይቅርታ ባዶ እጅ አይኬድም።

ጥሩ ሰው ነው፣ ዓይኑ ቶሎ ይረጥባል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለሱ ክፉ ሳስብ ኖሬ ተጸጽቻለሁ። ከዚህ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስሙ በክፉ አይነሳም።

እናትህ

ሊዝበን፣ ጁን 15

እማ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ብቻሽን ስትሆኚ። ዚግሪዳ ካለች ቆይተሽ አንብቢው።

ያ ሰው አለቃዬ አይደለም። ስሙ ኖዳር ነው። ከእኔ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ተቀምጦ ለሌላ አገር ሰዎች የቤት ንድፍ የሚሠራ፣ እንደ እኔው ለራሱ የሚያድር ሰው ነው። አዳራሹም ቢሮ አይደለም፤ ማንም መጥቶ በወር የሚከራየው ጠረጴዛ ነው። ኖዳርን የመረጥኩት ሽበት ስላለውና ኮት ስላለው ብቻ ነው። "አሥር ደቂቃ ተቀመጥልኝ፣ ጭንቅላትህን ነቅንቅ፣ ምንም አትናገር" ብዬ ለመንኩት። ቀልድ መስሎት ነበር።

አለቃ የለኝም፣ እማ። ኖሮኝም አያውቅም። አንድ ሃምቡርግ ያለ ሱቅና አንድ ካናዳ ያለ ክሊኒክ ድረ ገጻቸውን እሠራላቸዋለሁ። ፊቴን የሚያዩት በወር አንዴ ነው፣ እሱም በኮምፒውተር ካሜራ፣ ከደረት በላይ። ከላይ ሸሚዝ ከታች ቁምጣ ለብሼ ነው የማናግራቸው። የት እንደተቀመጥኩ ጠይቀውኝ አያውቁም። ማዳራ ያለችው እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። አንቺ ስለ እኔ ተቆጥተሽ ዝም ያሰኘሻት ልጅ ትክክል ነበረች።

አሁን የሚከብደውን ልጻፍ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ያን አርብ፣ አባባ የወደቀ ዕለት፣ ከሰዎች ጋር ወደ ደሴት ልንሻገር ጀልባ ላይ እየወጣን ነበር። ስትደውዪ አየሁት። ስምሽ መስታወቱ ላይ በርቶ አየሁት። ሴፕቴምበር ነውና ስለ ድንች ቁፋሮው ልትጠሪኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እንደገና "አለመቻሌን" ላስረዳሽ አልፈለግኩም። አጠፋሁት። ጠፍቶብኝ አይደለም፣ ባትሪው አልቆም አይደለም። አየሁትና አጠፋሁት። እሑድ ማታ ስከፍተው አሥራ ሰባት ጊዜ ደውለሻል፤ አባባ ቅዳሜ አልፏል።

ስደውልልሽ "የት ነበርክ?" አልሽኝ። አፌ ብቻውን "አለቃችን ለስብሰባ ወስዶን ስልክ ሰብስቦብን ነበር" አለ። አለቃው የተወለደው በዚያች ደቂቃ ነው። ለቀብር መምጣት እችል ነበር። ሦስት ቀን ነበረኝ። ግን ፊቴ በጀልባው ላይ በፀሐይ ተቃጥሎ ነበር፣ አፍንጫዬ ይላጣል፣ የስብሰባ ሰው ፊት አልነበረም። ብመጣ ታዪኛለሽ። ስለዚህ አለቃው ከለከለኝ። ከዚያ ለገና ከለከለኝ፣ ለፋሲካ ከለከለኝ። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ነው የከበደኝ። "ከእንግዲህ አልደውልልህም፣ ጻፍልኝ" ያልሽኝ ጊዜ እንኳ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እፎይ ነው ያልኩት። በወረቀት ላይ ድምፄ አይንቀጠቀጥም።

ኖዳር ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣ። ጓንቶቹን ኮምፒውተሬ ላይ አኖራቸው።

"እናትህ ያለችኝን ታውቃለህ?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"እጄን ይዛ፣ 'ሁለት ዓመት ጠዋት ጠዋት ስረግምህ ኖሬያለሁ፣ ዛሬ ልተወው መጣሁ' አለችኝ። እኔ ምን ልበል? ይቅርታ ጠየቅኳት! ባልገደልኩት ሰው ይቅርታ ጠየቅሁ! ከዚያ ኦገስት ላይ ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉላት እንደሆነ ነገረችኝ። ለአንተ አልነገረችህም፣ ሥራህ ላይ እንዳትቸገር። 'አትንገርብኝ፤ ብቻ ለመቃብሩ እሑድ፣ ሁሉም የዘመዱን መቃብር በሚጠርግበት በዓል፣ ልጄን ልቀቅልኝ፣ የአባቱን አፈር ማንም አልጠረገውም' አለች። ቃል ገባሁላት። ምን ፈቃድ አለኝና ነው ለአንተ የምፈቅደው? እኔም እዚያ አገሬ፣ ኩታይሲ ከተማ፣ እናት አለችኝ፣ ጉንቲስ። እንደዚህ ያለ ነገር አሠራኸኝ።"

ከዚያ ወዲህ መቀመጫውን ቀይሯል። ሰላም አይለኝም። ልክ ነው።

ግንቡ ላይ የተጻፈውም "እንኳን ደህና መጣችሁ" አይደለም። "ዘላኖች፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ" ነው የሚለው። በየቀኑ አልፈዋለሁ።

ይቅር በይኝ ብዬ ለመጻፍ ፊት የለኝም። አንብቢው ብቻ።

ጉንቲስ

ሊዝበን፣ ጁላይ 4

እማ፣

መልስ አልመጣም፤ መጠበቅም አይገባኝም። ደብዳቤው ደርሶሽ ከሆነ ብቻ ባዶ ወረቀት አጥፈሽ ላኪልኝ። ጠፍቶ ከሆነ እንደገና እጽፈዋለሁ፤ እንደገና መጻፉ የመጀመሪያውን ያህል ቢያስፈራኝም።

የሕክምናው ቀን መቼ ነው? ሪጋ ነው? ማን ያደርስሻል? ለዶና ኤርሜሊንዳ ሁሉንም ነገርኳት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጮህ ነው የመለሰችልኝ። "ሂድ" ብቻ አለችኝ። አሁን ዓሣ ገበያ ብቻዋን ነው የምትወርደው።

ጉንቲስ

ሊቫኒ፣ ጁላይ 17

ጉንቲስ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለቱም።

በሥራ ዘመኔ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ክፉ ወሬ የያዘ ፖስታ ከሌላው አይከብድም። ከረጢቴ ውስጥ ከልደት ካርድ ጋር አብሮ ተቀምጦ ይመጣል፣ እኔም ፈገግ ብዬ አቀብለዋለሁ። ያንተን ሳጥኑ ውስጥ ሳየው እንደዚያው ደስ ብሎኝ ነበር።

ስላጠፋኸው ስልክ አሁን ምንም አልልህም። ስለሱ የምለው ነገር አለ፣ ግን አፌ እስኪረጋ ይቆይ።

ስለ እኔ ግን ልንገርህ። ስለዚያ ሰውዬ ያላልኩት የለም። ዳቦ ቤት ተሰልፌ አውርቻለሁ። እግዜር የሰውዬውን ልብ እንዲያራራ ቄሱ በስብከት ላይ እንዲጸልዩ ጠይቄ ጸልየዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከተማው በሞላ የሌለ ሰው ሲረግም ከረመ። ለአንድ ምስኪን ጆርጂያዊ ደግሞ "ይቅር ብዬሃለሁ" ብዬ እንደ ንግሥት እጁን ጨበጥኩ። አሁን ዳቦ ቤት ስሄድ ምን ፊት ይዤ ልሂድ? በጓሮ በኩል ነው የምወጣው። በስልሳ ስምንት ዓመቴ በገዛ ከተማዬ በጓሮ እወጣለሁ።

ቀዶ ሕክምናው ኦገስት ስምንት ነው፣ ሪጋ። የዚግሪዳ ልጅ በመኪና ያደርሰኛል። የመቃብር በዓሉ በዚያው ሳምንት እሑድ ነው። እኔ አልገኝም። ቁልፉ ዚግሪዳ ጋ ነው። መጥረጊያውና አፈር የምናበጥርበት ሬክ እንጨት ቤቱ ውስጥ ናቸው። ጠርቼሃለሁ ማለት አይደለም። ከልክዬሃለሁ ማለትም አይደለም።

ሆስፒታል እንዳትመጣ። በሁለት እግሬ ሳልቆም እንድታየኝ አልፈልግም። እንዳትደውልም።

ቬልታ

ሊቫኒ፣ ኦገስት 14

እማ፣

ከወጥ ቤትሽ ጠረጴዛ ነው የምጽፍልሽ። ሐሙስ ገባሁ። ቀዶ ሕክምናው ደህና እንደሆነ ማዳራ ነገረችኝ፤ እንዳልደውል ስላዘዝሽኝ እሷን ነው የምለማመጠው። ድመቷ ለእኔም ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልጀምርልሽ። ዓርብ ዕለት ኮምፒውተሬን እዚሁ ከፍቼ የሃምቡርጉን ሥራ ጨረስኩ። ማንም ምንም አላወቀም። ኢንተርኔቱ እዚህ ከሊዝበን ይፈጥናል። ሁለት ዓመት "አይቻልም" ያልኩሽን ነገር በአንድ ከሰዓት ሠራሁት።

እሑድ ጠዋት ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ሬክና ባልዲ ነጭ አሸዋ ይዤ። ከጓሮ ያሉትን የአስተር አበቦች ቆርጬ ነበር፤ ይቅርታ፣ የሐምራዊዎቹን ግማሽ ጨርሻለሁ። የአባባን አፈር አረሙ ወርሶታል፤ አንቺ በዳሌሽ ጎንበስ ማለት እንዳልቻልሽ አሁን ገባኝ። ነቅዬ፣ አሸዋውን እንደ ልማዳችን አፍስሼ፣ በሬኩ መስመር መስመር እያወጣሁ ሳለ ሰዉ መምጣት ጀመረ። ሁሉም እየደረሰ እጄን ይጨብጣል። "ቬልታ እንዴት ናት? ደግ አደረግክ፣ ደግ አደረግክ" ይሉኛል። እያንዳንዱ "ደግ አደረግክ" እንደ ሳማ ነው የለበለበኝ።

ከዚያ ዚግሪዳ መጣች። ያ ጥቁር ባርኔጣዋን አድርጋ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣

"በመጨረሻ ያ አረመኔ ለቀቀህ?" አለችኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ራሴን ብነቀንቅ ይበቃ ነበር፤ ኖዳርን ያስተማርኩት ያንን አይደል። ቄሱ ከአጠገባችን ቆመዋል። አንቺ በጓሮ ስትወጪ ታየኝ።

"አለቃ የለኝም፣ አክስቴ ዚግሪዳ" አልኳት። "ኖሮኝም አያውቅም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አባቴ ሲሞት ጀልባ ላይ ስዝናና ነበር። እናቴ ስትደውል አይቼ ነው ስልኬን ያጠፋሁት። እናቴ ይህን አታውቅም ነበር፤ እኔን አምና ነው ያወራችላችሁ።"

ያ ጆሮው የከበደው ሽማግሌ፣ የወፍጮ ቤቱ አልበርትስ፣ "ምን አለ?" ብሎ ሚስቱን ጠየቃት። ሚስቱ በጆሮው፣ ግን መቃብሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ "አለቃ የለኝም ነው የሚለው! ውሸቴን ነው እያለ ነው!" አለችው። "ሃ!" አለ አልበርትስ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ታዲያ ስንጸልይለት የከረምነው ማን ነው?" አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ቦታውም ምቹ ነበር።

ዚግሪዳ ጠጋ አለችኝ። "ቬልታ ታውቃለች?"

"አሁን ታውቃለች።"

"አውቃም ቁልፉን ትታልህ ሄደች?"

"አዎ።"

ሬኩን ከመሬት አነሳችና እጄ ላይ አኖረችው። "ጥግ ጥጉ አልተስተካከለም፣ ድገመው" አለችኝና ወደ ባሏ መቃብር ሄደች። ደገምኩት። ከጸሎቱ በኋላ ሰዉ እንደ ልማዱ ሣሩ ላይ ምሳ ሲዘረጋ ማንም ና አላለኝም። ትንሽ ቆይታ ማዳራ አንድ ቁራሽ ጥቁር ዳቦ በአይብ ይዛልኝ መጣች። "ልክ ነበርሽ" አልኳት። "አውቃለሁ" አለችኝ።

አንቺ በፊት ለፊት በር መውጣት ትችያለሽ፣ እማ። ውሸቱ የማን እንደሆነ አሁን ሁሉም ያውቃል። ከዚህ ሌላ የምመልስልሽ ነገር የለኝም።

ጉንቲስ

ሪጋ፣ ሆስፒታል፣ ኦገስት 17

ልጄ ጉንቲስ፣

አልጋዬ አጠገብ ያለችው ሴት "ከማን ነው?" ስትለኝ "ከቤት" አልኳት። ከቤት ደብዳቤ ሲደርሰኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ዛሬ ከቤት የምጽፍ እንጂ የሚጻፍልኝ አልነበርኩም።

አልበርትስ ያለውን ሳነብ ስፌቱ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ አልሳቅኩም።

የምለው ነገር አለ ብዬህ ነበር። አፌ ረግቷል። ለማንም ያልነገርኩትን ነው የምጽፍልህ፣ ለቄሱም አልነገርኩም።

አባትህ የወደቀ ጊዜ አርብ ማታ ነቅቶ ነበር። ምላሱ ተሳስሮ፣ ግን ቃል ይወጣዋል። "ልጁስ?" አለኝ። ስልክህ ዝግ ነው። ምን ልበለው? "መጥቷል፣ ሪጋ ወርዷል፣ ባቡር ይዟል" አልኩት። ዓይኑ በራ። ከዚያ በየጥቂቱ "የት ደረሰ?" ይለኛል። መስመሩን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቀዋል፣ የፖስታ ከረጢት የሚመጣው በዚያው ነበር። "ሳላስፒልስን አልፏል" እለዋለሁ። ትንሽ ያሸልበዋል፣ ይነቃል። "የት ደረሰ?" "ኦግሬ።" ባቡሩን አዘገየሁት። ከደረሰ ምን አደርጋለሁ? አንዷን ጣቢያ ሦስት ሰዓት አቆምኩባት። "ሊየልቫርዴ ላይ መስመር እየጠገኑ ነው" አልኩት፤ "እነዚህ ሰነፎች" ብሎ ተሳደበ። ስክሪቬሪ። አይዝክራውክሌ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ "የት?" ሲለኝ "ኮክኔሴ" አልኩት። "ቀረበ" አለኝ። በሩን እያየ ቀረ።

ስለዚህ ልጄ፣ በዚያ ቤት ውስጥ አንተ ብቻ አይደለህም የዋሸኸው። እኔ ለሚሞት ሰው ዋሸሁ፤ ከዚያ ያንተ አለቃ ሲመጣልኝ እሱን መርገም ከራሴ ጋር ከመቀመጥ ቀለለኝ። አንተ ስልኩን በማጥፋትህ ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልጽፍም፤ አንድ ቀን እል ይሆናል፣ ዛሬ ግን አይደለም። አብረን የምናፍርበት ነገር እንዳለን ግን እንድታውቅ እፈልጋለሁ።

ሰኞ ያስወጡኛል። ሐኪሙ መኪና ይሻልሻል ብሎኝ ነበር፣ እኔ ግን ባቡር ነው የምፈልገው፤ ወንበሩ ሰፊ ነው፣ ክራንቹም ይገባል። ጠዋት በመጀመሪያው ባቡር ናና ውሰደኝ። በመስኮቱ በኩል እኔ እቀመጣለሁ። እስከ ኮክኔሴ ያሉትን ጣቢያዎች እኔ አውቃቸዋለሁ። ከኮክኔሴ ወዲህ ያሉትን አንተ ትጠራልኛለህ።

እናትህ